አልተስማማኝም

በየቀኑ እየተናገርናት ልብ የማንላት አንዲት ቃል በአማርኛችን ውስጥ አለች። ሰው በልቶ ሆዱን ሲነፋው፣ ክኒን ውጦ ሲያዞረው፣ አገር ለውጦ ሲከሳ «አልተስማማኝም» ይላል። ከጎረቤቱ ጋር የተጣላም ሰው «አልተስማማንም» ይላል፤ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የሚቃወምም «አልስማማም» ይላል። እንግዲህ በቋንቋችን ሆድና አንጀትም እንደ ሸንጎ አባል ድምፅ አላቸው ማለት ነው፤ ይስማማሉ፣ ወይም እምቢ ይላሉ። ባለፈው ክረምት ይህችን ቃል ከአክስቴ ልጅ አፍ ሦስት ጊዜ ሰማኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ አልሰማኋትም። የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው።

ጀልዴሳን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስተዋውቀው። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ወረድ ብላ የምትገኝ፣ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የቆላ መንደር ናት። አሁን ጸጥ ብላ ስትታይ ትምሰል እንጂ፣ ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የዘይላና የሐረር መንገድ መተንፈሻ እሷ ነበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከወደብ በግመል የመጣ ጭነት እዚያ ይራገፍና ደጋውን ለመውጣት በበቅሎና በአህያ ይጫናል፤ ከሐረር የወረደው ቡናና ቆዳ ደግሞ እዚያ ግመል ይጠብቃል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስሙን ማንሣት የምንወደው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ በ1880ዎቹ በዚህ መንገድ ተመላልሷል፤ በ1891ም ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቅቶት በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ዘይላ ወርዷል። ይኼ ሁሉ የነጋዴ ጓዝ ሲያልፍ መድኃኒትም አብሮ ሳያልፍ አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ሰናመኪና ከርቤ የቆላ ናቸው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣ የሁለት አገር ሆድ ማጠቢያ ጀልዴሳ ላይ ተገናኝቶ ይሆናል።

አክስቴ የምትኖረው እዚያ ነው። ልጇ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰውነቷ ቁጡ ነው። አቧራ ያስነጥሳታል፣ እንቁላል ያሳክካታል፣ አንድ ጊዜ ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ከተሜው ይህን «አለርጂ» ይለዋል። በእኛ ቤት ግን ስሙ «ቅብጠት» ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ያሳዝነኛል። ስሜቱ ቶሎ ለሚጎዳ ሰው «ሆደ ባሻ» የሚል ቃል አለን፤ በዘፈን ሁሉ እናዝንለታለን። ሰውነቱ ቶሎ ለሚጎዳ ሰው ግን ከስድብ ፈቅ ያለ ቃል አላዘጋጀንለትም። ቅብጥ፣ ምቾት ያበላሻት፣ አይችሌ፤ በቃ።

ባለፈው ክረምት ክንዷንና አንገቷን እያሳከካት እንቅልፍ አጣች። ጎረቤት ተሰበሰበና «ደሟ ቆሽሿል» ተባለ። ደም የቆሸሸ እንደሆነ ደግሞ ማጥራት ነው። በመንደሩ ሰው ሁሉ «አዴ» እያለ የሚጠራቸው አንዲት ባልቴት አሉ። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ስኳርና ቡና ይዘህ ከሄድክ ይመርቁሃል። የሰናመኪ ቅጠል ይቀቅላሉ፣ እሬት ጠብ ያደርጉበታል፣ በጥቁር አዝሙድና በማር ያጣፍጡታል። (ያጣፍጡታል ማለቴ ለወጉ ነው፤ ቀምሼዋለሁ።) የሚጠጣው ለሦስት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ ነው። ሲሰጡን ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ብዙ ነገር ተናገሩ። እኔ ግማሹን ሰማሁ፤ ግማሹን ደግሞ የአሮጊት ወሬ ነው ብዬ ተውኩት።

ምክንያቱም እኔ ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁ የራሴ ቃል ነበረኝ፤ «ዲቶክስ»። የዶርም ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የገዛው የሻይ ፓኬት ነበር፤ ጀርባው ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ራስ ምታት፣ ድካም፣ የሆድ ቁርጠት ቢሰማችሁ እንዳትደነግጡ፣ መርዙ እየወጣ ነው የሚል ነገር ተጽፎበታል። አንብቤው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። የአያቶቻችንን ጥበብ የዘመኑ ሳይንስ ያረጋገጠው መሰለኝ። አዴ ቅጠሉን ሰጡ፤ ቲዎሪውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ጠዋት ጠጣች፤ እንደሚጠበቀው ሆዷን አስኬዳት፤ ማታ «አልተስማማኝም መሰለኝ» አለች። ሳቅንባት። በሁለተኛው ቀን ቁርጠቱ አጎበጣት፤ ከንፈሯ ደረቀ። «ወንድሜ፣ አልተስማማኝም፤ ልቤ እየጠፋ ነው» አለችኝ። ወንድሜ ማለቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔም በተረጋጋ ድምፅ፣ መምህር በሚናገርበት ድምፅ፣ እንዲህ አልኳት፦ «ይኸማ ቆሻሻው ሲወጣ ነው። ባይሠራ ኖሮ ምንም አይሰማሽም ነበር። ቻይው።» በሦስተኛው ጠዋት ኩባያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። «አልተስማማኝም እኮ ነው የምልህ» አለች፤ ደግሞም ጠጣች፤ ስለምታምነኝ ጠጣች። ቀትር ላይ ውኃ ልትቀዳ ተነሥታ እንስራው አጠገብ ወደቀች።

መኪና ለምነን ድሬዳዋ አስገባናት። ጉሉኮስ ተሰካላት። ውኃዋ ማለቁን፣ ፖታሲየሟ መውረዱን ነገሩን፤ ልብ የምትመታው በእነዚህ ጨዎች ሚዛን ነው፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ተባልን። ያከማት ሰው «አንደኛው ቀን ይሁን፤ ሦስተኛውን ቀን ያጠጣት ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ወደ እኔ አላየችም። እሷ ባለማየቷ የባሰ አፈርኩ። ልጅቱ በሁለተኛው ቀን ተነሣች። ማሳከኩ ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ፤ ደሟ «ጠርቶ» ሳለ ማለት ነው።

ስመለስ ተናድጄ ወደ አዴ ቤት ሄድኩ። ልቤ ውስጥ «ባህላዊ ሕክምናና ኋላ ቀርነት» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲያውም ለዚሁ መጽሔት ልልከው። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ ‹ዲሲ› ብዬሃለሁ። ካልተስማማት ተው፣ በሁለተኛው ቀን ከንፈሯ ከደረቀ የሩዝ ውኃ በጨው ስጧት፣ ሦስተኛውን አትንኩ ብዬሃለሁ። አንተ አይደለህም እንዴ ራስህን የነቀነቅከው?»

ውድ አንባቢ፣ ‹ዲሲ› በኦሮምኛ ‹ተው› ማለት ነው። ያን ቀን ያልሰማሁት ግማሽ ይኸ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ሰንብቷል። ጥያቄው ቅጠል ይሻላል ወይስ ክኒን የሚለው አይደለም፤ እሱ የሻይ ቤት ክርክር ነው። የኔ ጥያቄ፣ የሰው ሥቃይ የመዳኑ ማስረጃ ነው የሚል ሐሳብ ስንይዝ በዚያ ሰው ላይ ምን እያደረግንበት ነው? የሚል ነው።

መጀመሪያ «መድኃኒት» የሚለውን ቃል እንየው። ሥሩ ከመዳን ጋር ነው፤ መድኃኔዓለም የምንለውም ከዚያው ነው። ግን ሱቅ ሄደን «የአይጥ መድኃኒት ስጠኝ» ስንል ምን እየጠየቅን ነው? የዝንብ መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት፣ «መድኃኒት አቀመሰችው» የሚባለው ሐሜትስ? ግሪኮችም እንዲሁ ለመርዝና ለፈውስ አንድ ቃል፣ ፋርማኮን የሚለውን፣ ይጠቀሙ ነበር፤ የፍልስፍና መምህራን ሲጠቅሱት ትልቅ ግኝት ያስመስሉታል፤ የመርካቶ ባለሱቅ ግን በየቀኑ በአማርኛ ያውቀዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ፓራሴልሰስ ነገሩን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው የሚል ሐሳብ ትቶ አልፏል። ጥሩ ነው። ነገር ግን መጠኑ በማን ሆድ ይለካ? ለጎረምሳ አንድ ኩባያ የሆነው ለአክስቴ ልጅ ሦስት ኩባያ ሊሆን ይችላል። መጠን በኩባያው ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ፈጽሞ አያውቁም ነበር ማለት ሐሰት ነው። ኮሶን ውሰዱ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ከኮሶ ትል አያመልጥምና፣ የእንስቲቱን ዛፍ ቀይ አበባ አድርቆና ወቅጦ፣ በውኃ በጥብጦ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ መጠጣት የቆየ ልማዱ ነበር። በ1769 ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዛፉን ገልጾ ጽፎለታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ኮሶ በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበረ ማንም ያውቃል፤ ኮሶ የማይፈልገው ቤት አልነበረም፣ ሻጯን ግን ይንቃሉ። የኮሶ ቀን ግን ወግ ነበረው። የጠጣ ሰው ከሥራ ይፈታል፣ እንግዳ አይቀበልም፣ ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ ጉልበቱ የደከመ ሰውና እርጉዝ ሴት ይከለከላሉ። ይህ ወግ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ይህ ነገር ይጥላል፣ የሚጠጣውም ሰው ጠባቂ ያሻዋል የሚል። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ኮሶ ዓይንን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ጽሑፍ ወጥቷል፤ በ1985 ደግሞ ኮሶና እንቆቆን የመሰሉ የትል መድኃኒቶች የጫጩቶችን ሬቲና እንደሚጎዱ በሙከራ ታይቷል። ከብዙ ሺህ ሰው ትሉን ያወጣ አበባ የአንዱን ሰው ብርሃን ሊወስድ ይችላል። «እኔ ስንት ጊዜ ጠጥቼው ምን ሆንኩ?» የሚለው ጎረቤት እውነቱን ነው፤ እውነቱ ግን ስለራሱ ብቻ ነው።

የሰናመኪም አሠራሩ ይታወቃል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ትልቁ አንጀት ደርሶ እዚያ ባሉ ባክቴሪያዎች ሲፈታ አንጀቱን ይኮረኩረዋል፤ አንጀቱ ይጨመደዳል፣ ውኃ ይይዛል፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠርጋል። የሚወጣው ምንድን ነው? ምግብ፣ ውኃ፣ ጨው። ደም ውስጥ የገባ ቆሻሻ የለም። ደምን የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ የጤነኛ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርቶ አብዛኛውን ይመልሳል፣ ያለ ማርና ያለ ጥቁር አዝሙድ። የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው በሰና ይድናል፤ ፋብሪካም ከሰና ክኒን ይሠራል። ግን ሆድ ማስኬድን «ደም ማጥራት» ብለን ስንጠራው ስሙ ብቻውን ሥራ ይሠራል፤ ብዙ በወጣ ቁጥር ብዙ የጠራን ይመስለናል።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። ካርል ፖፐር የተባለው ፈላስፋ በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ምንም ዓይነት ገጠመኝ ሊያፈርሰው የማይችል ሐሳብ ከሳይንስ አይቆጠርም የሚል ክርክር አንሥቷል። የኔ ዲቶክስ እንዲያ ነበር። ብትሻላት፣ ሠራ። ብትታመም፣ እየሠራ ነው። ምንም ባይሰማት ደግሞ፣ መጠኑ ይጨመር። የት ላይ ልትይዘኝ ትችል ነበር? ነገር ግን ፖፐር የተጨነቀው ለዕውቀት ነው። በጀልዴሳ የተበደለው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ምስክር ነው። ያች ልጅ ስለ ሆዷ ከማናችንም የቀረበች ምስክር ነበረች። አፏን በከፈተች ቁጥር ግን ቃሏን ነጥቄ ለራሴ ማስረጃ አደረግኩት።

ይኼ ነገር የቀድሞውን ሌባ ሻይ ያስታውሰኛል። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ያጠጡታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሰውዬው «እኔ አልሰረቅሁም» ቢል ማን ይሰማዋል? መድኃኒቱ ተናግሯላ! አሁን አንብበን እንስቃለን። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ሎጂክ ተምሬ፣ በአክስቴ ልጅ ሆድ ላይ ያንኑ ችሎት አስችያለሁ፤ መድኃኒቱ ዳኛ፣ እሷ ተከሳሽ፣ ጩኸቷ የእምነት ቃል።

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። «ቆይ እንጂ፣ እየባሰ የሚያድን ሕክምና የለም እንዴ?» አለ፤ ያውም በእኛው አገር በደንብ የተጠና። በቅማል የሚተላለፍ፣ ለቀቀ ሲሉት መልሶ የሚያገረሽ ትኩሳት አለ። በሽተኛው አንቲባዮቲክ ሲሰጠው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ጀርሞቹ በብዛት ሲሞቱ የሚመጣ መናወጥ ነው፤ በ1895 እና በ1902 ቂጥኝ ሲታከም እንዲህ ያለውን ነገር በገለጹት ሐኪሞች ስም ያሪሽ–ሄርክስሃይመር ይባላል። እነ ብራይስሰን በ1970 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ 62 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ተከታትለዋል። ስለዚህ «የባሰበት መድኃኒቱ ስለሠራ ነው» ማለት አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። የዲቶክስ ነጋዴም የሚበደረው ይህችን እውነት ነው።

ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። እነዚያ ሐኪሞች ጀርሙን በማይክሮስኮፕ አይተውታል፤ ከደም ሲጠፋም አይተዋል። መናወጡ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ያውቃሉ፤ ቀጠሮው የሰዓታት እንጂ «እስኪጠራ ድረስ» አይደለም። ከሁሉም በላይ ሰው ሊገድል እንደሚችል ስለሚያውቁ ቴርሞሜትርና የግፊት መለኪያ ይዘው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። የሕመምተኛው መባስ መልካም ምልክት ነው ብሎ በእውነት የሚያምን ሰው ከማንም የበለጠ ነቅቶ መጠበቅ አለበት። እኔ «ቻይው» ብያት ሄጄ መጽሐፍ አነብ ነበር። ልብ ወለድ።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። እንደ አክስቴ ልጅ ያለው ሰው ስንት ነው? ለአንድ ቁጡ ሰውነት ተብሎ ለመቶው የሚጠቅም ነገር ይቅር? እኔም እንዲህ አስብ ነበር፤ «ኤክሴፕሽን» ምናምን እያልኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የኮዴይን ታሪክ ነው። ኮዴይን ለሳልና ለሕመም የሚሰጥ፣ በፋብሪካ የተሠራ፣ መጠኑ በሚሊግራም የተጻፈ መድኃኒት ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ በአንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። በ1996 የታተመ፣ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ የመራችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ እንዳለባቸው አሳየ። በእነሱ ሆድ ልከኛው መጠን ልከኛ አይደለም፤ ኮዴይኑ ባንዴ ሞርፊን ይሆንባቸዋል። በ2015 የአገራችን የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች አገደ። ኮዴይን የተለካው በሌላ አገር ሰው ሰውነት ነበር፤ በዚያ ሚዛን ከአሥር ኢትዮጵያዊ ሦስቱ ቅብጥ ነን ማለት ነው። እንግዲህ አለመስማማት የጥቂት ሞልቃቆች ጠባይ ነው የሚል ሁሉ መጀመሪያ ማን ላይ ቆሞ እንደለካ ይንገረን።

ይህን ስል ፋብሪካውን ለማመስገን፣ ቅጠሉን ለመርገም እንዳይመስል። ኮዴይንም ከፋብሪካ ነው የወጣው። ቅጠልም ቢሆን ከጠየቁት መልስ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ከዚያ የተነሣ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ተገኘ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ አሣም ይገድላል፤ ለሆድ ማጠቢያና ለማስወረጃ የጠጡትንም ይጎዳል። አክሊሉ የዚህን ፍሬ ነገር ያገኘው እንዶድ ንጹሕ ነው ከሚለው ዝና ሳይሆን በውኃው ዳር ማን እንደሞተ ዝቅ ብሎ በማየቱ ነው።

ታዲያ «አልተስማማኝም» ያለ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ? አይደለም። ሕፃን ክትባት ሲወጋ ያለቅሳል፤ ለቅሶውን ሰምተን መርፌውን አንጥልም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲያቅለሸልሸው ያቋረጠ ሰው ራሱንም ጎረቤቱንም ይጎዳል። እንግዲህ ይህች ቃል ፍርድ አይደለችም፤ ምስክርነት ናት። ምስክርን መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ መቼ ጀመረሽ፣ ስንት ጊዜ ወጣሽ፣ ሽንትሽ መጣ ወይ፣ ከንፈርሽን ልየው። የሐኪም ሥራ ይህን መጠየቅ ይመስለኛል። ምስክሩን ቀድሞ ውሸታም ማለት ግን፣ ይባስ ብሎም ቃሉን ገልብጦ የሌላ ሰው ምስክር ማድረግ፣ በየትኛውም ሸንጎ አይፈቀድም። አዴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን የት ላይ እንደሚቆም ያውቃሉ። ከንፈር ሲደርቅ ይቆማል። የኔ ቲዎሪ ግን ፍሬን አልነበረውም።

በተለይ የሚያሳፍረኝ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ የከፈልኩ እኔ መሆኔ ነው። ያዘዙት አዴ ስማቸው ተነሣ፣ የጠጣችው ወደቀች፣ አክስቴ ለመኪናና ለሕክምና ተበደረች፤ «ቻይው» ያልኩት እኔ መስከረም ሲጠባ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ዶርሜ ተመለስኩ። በሌላ ሰው አንጀት ላይ ደፋር መሆን ቀላል ነው። የዲቶክስ ፓኬት ጀርባ ላይ የሚጽፈውም ሰው ጠጪው ሲወድቅ እዚያ አይገኝም፤ አዴ ግን በዚያው መንደር ይኖራሉ፤ የጎዱትን ሰው በማግሥቱ ውኃ ሲቀዳ ያገኙታል። አሮጊቷ እንዲጠነቀቁ ያደረጋቸው አንዱ ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ለገና ወደ ጀልዴሳ ወርጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ደህና ናት፤ ክንዷን አሁንም አልፎ አልፎ ያሳክካታል። ስለ ክረምቱ ነገር ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ሄድኩ። መጀመር አቃተኝ፤ እሷም ገብቷት «አቦ ተወው፣ ደግሞ ሌክቸር ልትሰጠኝ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ይቅር ብላኝ ይሁን ወሬውን ልትዘጋ አላውቅም።

አዴ ዘንድ ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። ስኳሩን ተቀብለው ቡናውን ለአክስቴ መለሱት። ከጤና ጣቢያ ያገኙትን አንድ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት አሳዩኝና ጽሑፉን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ። አንድ ሊትር አልኳቸው። ሊትር በእሳቸው ጣሳ ስንት እንደሆነ ቁጭ ብለን እየቀዳን ለካን፤ በጣሳው ላይ በምስማር ምልክት አደረጉበት። ሲመሽ ከረጢቱን አጥፈው ከሰናመኪው ጎን፣ በዚያው ስልቻ ውስጥ ከተቱት፤ ቀጥሎ ከድሬዳዋ ስመጣ አሥር እንዳመጣላቸው አዘዙኝ።